ሐጂ ኑሩ የሰፉት መጋረጃ

በ፳፻፯ ዓ.ም. ኅዳር፣ ደብረ ታቦር ላይ ውርጭ በጠናበት ሰሞን፣ ልብስ ሰፊው ሐጂ ኑሩ የዘጠኝ ወር የልጅ ልጃቸውን ሚስራን አቅፈው ለኩፍኝ ክትባት ጤና ጣቢያ ሄዱ። ነርሷ ዓለሚቱ ከወትሮው ይበልጥ በትሕትና ተቀበለቻቸው፤ ክትባት እንደሌለ ያኔውኑ ገባቸው። ትናንት ሠራተኞቹ ሊወጡ ሲሉ ቆጣሪው ጥሎ መብራቱ ጠፍቶ ኖሯል። እነሱ እንደ ልማዱ መብራት የሄደ መስሏቸው ቤታቸው ገቡ፤ ፍሪጁም ጠፍቶ አደረ፤ መድኃኒቱ ተበላሸ። ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ ሆኖ ነበር። እብናት በኩል ደግሞ ኩፍኝ ገብቷል ይባላል።

ሐጂ በካርድ ክፍሉ በኩል ሲወጡ የቴክኒክ ኮሌጁ መምህር የሺዋስ ወንበር ላይ ቆሞ አምፖል ሲቆጥር አገኙት። የቆጣሪውን ነገር እንዲያይ ተጠርቶ ነው።

«ሐጂ፣ ይህን መጋረጃ ማን እንደ ሰፋው ያውቃሉ?»

«እኔ ነኝ» አሉ፣ ምስጋናውን ለመቀበል ቀና ብለው። ከስድስት ዓመት በፊት በነጻ የሰፉት፣ ከጣሪያ እስከ ወለል የሚወርድ ወይን ጠጅ ከፋይ ጨርቅ ነው።

«ስፌቱ እንከን የለውም። ፍሪጁን የሚያጠፋው ግን እሱ ነው።»

«ጨርቅ ፍሪጅ ሲያጠፋ ዛሬ ሰማሁ።»

የሺዋስ ከወንበሩ ወርዶ በእርጋታ አስረዳቸው። መጋረጃው ቀኑን ሙሉ ስለሚዘጋ አራት አምፖል ይበራል። ፀሐይ ስለማይገባ ክፍሉ ይበርዳል፤ ስለሚበርድ ማሞቂያ ይሰካል። በየክፍሉ ያሉት ማሞቂያዎች አንድ ላይ ኃይል ሲስቡ ቆጣሪው ይጥላል።

ሐጂ ግን አልተዋጠላቸውም። «መጋረጃው የተዘረጋ መሥሪያ ቤት ክብር አለው። ሲገለጥ ሱቅ ይመስላል።»

«ይሁን። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። መስኮቱ ዝግ ነው፤ ታዲያ መጋረጃዎ ለምን ይወዛወዛል?»

ሐጂ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን የጨርቁ ጥራት አድርገው ለደንበኞቻቸው ሲናገሩ ኖረዋል። አሁን ግን ነገሩ ከነከናቸው። ጠጋ ብለው በአንድ እጃቸው ገለጥ አደረጉት። ከኋላው ሰፌድ የሚያህል የመስኮቱ መስተዋት ወልቋል፤ በቦታው እርግብ ጎጆዋን ሠርታለች። ብርዱ ፊታቸውን ሲመታቸው ሚስራ አነጠሰች። ማሞቂያው ለካ ስንት ዓመት የሚያሞቀው ደጁን ነው።

መጋረጃው ጥግ ሲያዝ ፀሐዩ እስከ መዝገብ መደርደሪያው ዘለቀ። የሺዋስ አራቱንም አምፖል አጠፋ። የካርድ ሠራተኛዋ ማሬ ቀና ሳትል መጻፏን ቀጠለች።

«ማታስ?» አሉ ሐጂ፣ ድምፃቸው ለስልሶ።

«ማታ ይዘጋል። የቀኑን ሙቀት እስከ ጧት ለመያዝ ከከፋይ የሚሻል የለም።»

ሐጂ ወደ ወለሉ ጎንበስ አሉ። «እንግዲያው ይህ መሬት የሚጎተተው ምን ያደርጋል? ቆርጬ፣ ሰጋቱራ ሞልቼ፣ በየበሩ ስር የሚጋደም እሰፋለሁ። በዚያም ነፋስ እየገባ ነው።»

በሳምንቱ ሐሙስ መስተዋቱ ገብቶ፣ እርግቧ ጣሪያ ሥር ሌላ ቦታ አግኝታ፣ ማሞቂያዎቹ ዕቃ ቤት ገብተው ነበር። ፍሪጁም የራሱ መስመር ተዘርግቶለታል። እንግዲህ አዲስ ሕንፃ አልተሠራም፣ አዲስ መሣሪያም አልመጣም፤ ያለው ቤት የሚገባውን ፀሐይ አስገባ፣ የሚወጣውን ሙቀት ያዘ፣ ቆጣሪውም ከዚያ ወዲያ አልጣለም። አዲስ ክትባት መጥቶ ሚስራ ተከተበች፤ ጤና ጣቢያውንም በለቅሶ አናወጠችው።

በካርድ ክፍሉ ሰልፍ ላይ የነበረች አንዲት እናት፣ ክፍሉ ያለ መብራት እንዴት እንዲህ እንደ ፈካ ጠየቀች።

ሐጂ ኑሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መጋረጃውን የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ ጥግ የተሰበሰበውን ሳታስተውል ዙሪያዋን አየች። «የቱን መጋረጃ?»

«እሱን ነው የምልሽ» አሉ ሐጂ።