ከግብር የሸሹት ልብስ ሰፊ

በደርግ ጊዜ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊና አንድ ጎልማሳ ዳቦ ጋጋሪ ተቀምጠው ያወራሉ።

«ጋሽ ሰይድ፣ የዘንድሮው ግብር ዳቦ ቤቴን ሊያዘጋኝ ነው። ምን ይመክሩኛል?»

«እንደኔ ማኅበር ሁን።»

«ብቻዬን?»

«ከሠራተኞችህ ጋር ነዋ! የግል ነጋዴ ከሆንክ ግብሩ ወገብህን ይሰብረዋል። የኅብረት ሥራ ማኅበር ከሆንክ ግን ይምሩሃል።»

«እርስዎን ማሩዎት?»

«ወላሂ፣ አንዲት ሳንቲም አልጠየቁኝም።»

«አልሐምዱሊላህ! ሱቁስ ታዲያ?»

«የማኅበሩ ሆነ።»

«የስፌት መኪናዎቹስ?»

«እነሱም።»

«ሊቀመንበሩ መቼም እርስዎ ነዎት።»

«እኔም መስሎኝ ነበር። እዚያው ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ ሱቄ ውስጥ ተሰብስበን እጅ ሲወጣ፣ ቁልፍ ይተክልልኝ የነበረው ከማል ተመረጠ።»

«እርስዎስ ለማን አወጡ?»

«ሁሉም ሲያወጣ ምን ላድርግ? አወጣሁለት።»

«አይ ጋሽ ሰይድ! አሁንስ ወዴት ነዎት?»

«ከኮምቦልቻ አልፌ ሐርቡ ነኝ። እኅቴ ታማብኝ ልጠይቃት ነው። ከማል የግማሽ ቀን ፈቃድ ሰጠኝ።»

«ከገዛ ሱቅዎ በፈቃድ ወጡ?»

«ደግ ሰው ነው፣ ወዲያው ነው የፈቀደልኝ። አምና እናቱ ታማ ፈቃድ ሲለምነኝ ግን እኔ ከልክዬዋለሁ።»

ከኋላቸው ተቀምጬ፣ ሠራተኛዬ በጠዋት ምን ብሎ እንደጠየቀኝ ለማስታወስ ስታገል ኮምቦልቻ ደረስን።