የቀበርኩበትን አውቃለሁ

ከለገሃር ካዛንቺስ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡ ሽማግሌ አጠገባቸው ላለችው ሴት በምሬት ያወራሉ።

«ሰሜን ወታደር ሳለሁ ፈንጂውን የቀበርነው እኛ ነን። ቦታውን ዛሬም አልረሳሁትም።»

«ታዲያ ለሚያጸዱት ሰዎች አይነግሯቸውም?»

«ስንቴ ቢሯቸው ሄድኩ! መጀመሪያ ከቀበሌ ደብዳቤ ያምጡ አሉኝ፤ አመጣሁ። ከዚያ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬማ ‹አባባ፣ ሜዳው ሰፊ ነው፤ ለማጽዳት በጀት የለንም› አሉኝ።»

«እውነታቸውን ይሆናላ።»

«ምን እውነት አለው? ሜዳውን በሙሉ ምን አስቆፈራቸው? ፈንጂ ያለው ወንዙ ዳር፣ በጠባቡ መስመር ላይ ብቻ ነው! እሱን ያጽዱ፤ ሌላውን ገበሬው ይረሰው!»

«በቃ ይተዉት፣ አባባ።»

«እንዴት ልተወው? እኔ ስሞት ማን ሊያሳያቸው ነው?»

ካዛንቺስ ላይ «ወራጅ» ብዬ ስወርድ እግሬን መሬቱ ላይ ቀስ አድርጌ አሳረፍኩ።