በኡራሏ ሻንሲ ላይ የበየድኩት ላሜራ

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሩ ስም ከነአያት፦ ፍቅረየሱስ ኃይለልዑል ተክለማርያም
ዕድሜ፦ 58
ሥራ፦ የብረት ብየዳ
አድራሻ፦ ሮቤ ከተማ፣ በአጋርፋ መውጫ
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ጊዜ፦ ጎባ፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 10፡30 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ምክትል ኢንስፔክተር ሙሉካ አብዲ

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር በሮቤ ከተማ ላለፉት ሠላሳ አንድ ዓመታት በብየዳ ሥራ እተዳደራለሁ። ወደዚህ ጣቢያ የመጣሁት ማንም ጠርቶኝ ሳይሆን በራሴ እግር ነው። የመጣሁበትም ምክንያት የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ለትራፊክ ፖሊስ በስልክ የሰጠሁት መልስ ሐሰት ስለነበረ ነው። በዚያ ሐሰት ምክንያት ወይዘሮ ሳቢሪን ቦሩ በተሽከርካሪ ስርቆት ተጠርጥራ፣ መኪናዋም በዚህ ግቢ ውስጥ ዘጠኝ ቀን ቆማ ትገኛለች።

ወይዘሮ ሳቢሪንን የማውቃት በደንበኝነት ነው። ሮቤ ገበያ ውስጥ እህል ትነግዳለች፤ የተወለደችው ግን ሃረና ጫካ ውስጥ ነው። ባለፈው ኅዳር ወር፣ ቀኑን በትክክል አላስታውስም፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ አንዲት አሮጌ ኡራል የጭነት መኪና አስጎትታ ወደ ሥራ ቦታዬ መጣች። መኪናዋ ቀድሞ የጦር ሠራዊት ንብረት የነበረችና በጨረታ የተሸጠች ናት። የጨረታውን ደብዳቤና የስም ማዛወሪያውን አሳይታኝ አንብቤዋለሁ። ሸራዋ ተበጣጥሷል፤ የኋላ ወለሏ እንጨት በስብሶ እግር ያስገባል። ምን ልትሠሪባት ነው ብዬ ስጠይቃት "ወፍጮ" አለችኝ። የቀለደች መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። በጫካው ውስጥ የሚኖሩ ሴቶች በቆሎ ለማስፈጨት ግማሽ ቀን እንደሚጓዙ፣ እሷም ልጅ ሳለች በወፍጮ ቀን ትምህርት ቤት ሄዳ እንደማታውቅ ነገረችኝ። "ጋሼ፣ እነሱ ወፍጮው ጋ መድረስ ካቃታቸው ወፍጮው ይምጣላቸዋ!" አለች። ዝናብ ሲጥል በዚያ ጭቃ የሚያልፍ ስድስቱም ጎማው የሚጎትት መኪና ነው፤ ኡራልን የመረጠችውም ለዚህ ነው።

ሥራውን ተቀበልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የበርና የመስኮት ብረት ስበይድ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንደዚች መኪና የወደድኩት ሥራ የለም። ነባሩ ሞተር ቤንዚን የሚጠጣ ስለነበረ መካኒኩ አቶ ዋቆ የማሻሻያ ፈቃድ ከወጣ በኋላ በናፍጣ ሞተር ተካው። የሞተር ቁጥሩ ከቀድሞው ሰነድ ጋር የማይመሳሰለው በዚህ የተነሳ ነው። እኔ ደግሞ የበሰበሰውን እንጨት አንስቼ የብረት ወለል ሠራሁ። በሸራው ፋንታ በግራና በቀኝ ወደ ላይ የሚከፈት የላሜራ ክዳን ገጠምኩ፤ ክዳኑ ሲከፈት ተራ ለሚጠብቁት ሴቶች ጥላ ይሆናል። ወፍጮውን ከወለሉ ጋር አስሬ ከመኪናዋ ሞተር ኃይል በሚወስድ ዘንግና በቺንጋ ቀበቶ እንዲዞር አደረግን። የኡራል መወጣጫ ለወታደር እንጂ እህል ለተሸከመች ነፍሰ ጡር ስላልተሠራ ሰፊ የሚታጠፍ ደረጃ ጨመርኩበት። ይህን ያዘዘኝ ሰው አልነበረም።

ጥር 12 ቀን፣ በጥምቀት ማግስት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ከኋላ ጎማ በላይ ያለው የግራው የሻንሲ ብረት ተሰንጥቆ አገኘሁት። ባለ ስምንት ሚሊ ላሜራ ደርቤ አጠናከርኩት። ቀኙ ደህና ነበር። ሆኖም ግራና ቀኙ ካልተመሳሰለ እኔን እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ይህን ጠባዬን ሮቤ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ፍቅረየሱስ የበየደው ላይ ዝንብ ብታርፍ ያንሸራትታታል ይሉኛል፤ ሲሉኝም ደስ ይለኛል። ስለዚህ በቀኙም ላይ እኩል ላሜራ ለመደረብ ብረቱን ከዝገት በግራይንደር ሳጸዳ የሻንሲው ቁጥር የተመታው እዚያው ላይ መሆኑን አየሁ። ላሜራውን አንድ ስንዝር ወደፊት ባስጠጋው ቁጥሩ ይድን ነበር፤ ነገር ግን ከግራው ጋር አይገጥምም። "እዚህ ሥር ገብቶ ቁጥር የሚያነብ ማን አለ?" ብዬ ሸፈንኩት፤ ቀለምም ቀባሁበት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኔ ግን ሳልቸኩል፣ ለክቼ ነው ያፈሰስኩት።

የካቲት 5 ቀን መኪናዋ ወደ ሃረና ስትጓዝ ጎባ መውጫ ላይ ለፍተሻ ቆመች። የሻንሲ ቁጥሯም ጠፋ። ከረፋዱ 5፡20 ላይ ትራፊክ ፖሊሱ ደውሎ ሻንሲውን ነክቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። ጥያቄው ገብቶኛል፤ መልሱንም አውቀዋለሁ። ነገር ግን የሻንሲ ቁጥር ያጠፋ ሰው ፈቃዱን ተነጥቆ ይታሰራል ሲባል ስለሰማሁ ፈራሁ። "እኔ የሠራሁት ከወለል በላይ ነው፤ ሻንሲ አልነካሁም" ብዬ መለስኩ። ስልኩ በድምፅ ማጉያ ስለነበረ ወይዘሮ ሳቢሪን አጠገቡ ቆማ እየሰማች ነበር። ጥር 12 ቀን ሻንሲውን ስበይድ መጥታ አይታኛለች፤ ውሸቱን ነው ማለት ትችል ነበር። አላለችም። ረስታው ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ትናንት ሐሙስ ባለቤቴ ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ከገበያ ተመልሳ የሳቢሪን የእህል መደብ እንደተዘጋና ሴትዮዋ በየቀኑ ጎባ እንደምትመላለስ ነገረችኝ። ያደረግሁትን አስቀድሜ ነግሬያት ስለነበር ምሳ እያቀረበች እንዲህ አለችኝ፤ "ሰኞ የእኛ ጾም ይገባል፤ በዚያው ሳምንት መጨረሻም ለእነሱ ረመዳን ይገባል። የሰው ዱቄት ዘግተህ አንተ ሽሮ ብትበላ ጾምኩ ልትል ነው?" ከትራፊኩ ጥያቄ ይልቅ ይሄኛው አስደነገጠኝ፤ ምሳውን ትቼ ግራይንደሬን ለመንገድ አዘጋጀሁ።

ዛሬ ጠዋት 2፡40 ላይ እዚህ ግቢ ስገባ ወይዘሮ ሳቢሪን መኪናዋ ደረጃ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ሁሉንም ነገርኳት። ረስተሽው ነበር ወይ አልኳት። "ወላሂ አልረሳሁም" አለችኝ። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ ስላት "እኔ ብናገር እርስዎን አሳልፌ ሰጠሁ፤ እርስዎ ቢናገሩ ግን ሁለታችንም እንወጣለን ብዬ ነው። በራስዎ እንዲመጡ ዱዓ ሳደርግ ነበር፤ ትንሽ ዘገዩብኝ እንጂ" አለችኝ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ እንደዛሬ አፍሬ አላውቅም።

ለመርማሪው ካስረዳሁ በኋላ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ከጁምዓ ሶላት መልስ፣ መርማሪውና አንድ የትራፊክ ባልደረባ ባሉበት ላሜራውን በግራይንደር ከፈትኩ። ብየዳውን ብቻ እየቆረጥኩ ስለነበር አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ላሜራው ሲወድቅ ከሥሩ የወጣው ልሙጥ ብረት ነው። ቁጥር አይታይም። ዝገቱን ሳጸዳ ግራይንደሩን ቁጥሩ ላይ አሳልፌው ኖሯል። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። "በቃ፣ የሴትዮዋን መኪና ገደልኩት" ማለቴን አስታውሳለሁ።

ወይዘሮ ሳቢሪን መኪናዋ ላይ ወጣች። ወፍጮው ሮቤ ሲሞከር ከተፈጨው በቆሎ በዱቄት መቀበያው ሳጥን ውስጥ የቀረውን ዱቄት በመዳፏ ጠርጋ ወረደችና ብረቱን አሸችው። ከዚያ ላዩን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ነጭ ሆነው ወጡ። የትራፊክ ባልደረባው ከጨረታው ደብዳቤ፣ መርማሪው ከብረቱ እየተቀባበሉ አነበቡ፤ አንድም አልጎደለም። የመጨረሻዋ ቁጥር ስስ ብትሆንም ትታያለች። መርማሪው ይህን ከየት እንደተማረችው ሲጠይቃት "ገበያ ነዋ! የሚዛን ብረት ሲያረጅ የተመታበት የኪሎ ቁጥር ይጠፋል፤ ነጋዴ በዱቄት ነው የሚያነበው" አለች። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ብረት ስሠራ ይህን አላውቅም ነበር። ደስታዬ ከቁጥጥሬ ውጭ ሆኖ አልቅሻለሁ፤ ይህም እንዲጻፍልኝ ፈቅጃለሁ።

መርማሪው መኪናዋ ሰኞ ጠዋት በደብዳቤ እንደምትለቀቅ ነገራት። "አልሐምዱሊላህ፣ ጋላቶማ!" ብላ አመሰገነችው። እኔም ይቅርታ ጠየቅኋት። "ይቅርታውን ሃረና ደርሰን እንነጋገርበታለን፤ አብረውኝ ይሄዳሉ። መንገድ ላይ የሆነ ነገር ቢላቀቅ ማን ይበይድልኛል?" አለችኝ። ለመሄድ ተስማምቻለሁ። የትራፊክ ባልደረባው ቁጥሩ ያለበት ቦታ ዳግመኛ እንዳይሸፈን አዞኛል። ከእንግዲህ ግራው ላሜራ ያለው፣ ቀኙ የሌለው ሆኖ ይቀራል፤ ዓይኔ እስኪለምደው ይቸግረኛል እንጂ አልነካውም።

የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ በትክክል የተናገርኩት መሆኑን አረጋግጫለሁ። ከዚህ ውስጥ ሐሰት ቢገኝ በሕግ ልጠየቅ። ቁጥሩን በመሸፈኔ የሚመጣብኝን ቅጣት ለመቀበል ዝግጁ ነኝ። የካቲት 5 ቀን በስልክ የሰጠሁት የሐሰት ቃል ከመዝገቡ እንዲወጣልኝ አልጠይቅም። ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጡ፤ መዝገቡን የሚያነብ ሰው ይህች ሴት ዘጠኝ ቀን ዝም ያለችው ማንን ላለማጋለጥ እንደሆነ ይወቅ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ፍቅረየሱስ ኃይለልዑል
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ም/ኢንስፔክተር ሙሉካ አብዲ