ደብዳቤው የደረሰበት ቀን

ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም ከመዝገብ በቀር የሚያስታውሰው የለምና፣ በዚህ የሕይወት ታሪካቸውም ሁላችሁም በምታውቋቸው ስም እትዬ ተነሡ ተብለው ይጠራሉ። እትዬ ተነሡ ከግንበኛው አባታቸውና የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ከነበሩት እናታቸው፣ ከአምስት ልጆች ሁለተኛ ሆነው ተወለዱ። እናታቸው ደጋግመው እንደ ተናገሩት፣ በቅጡ መቀመጥ ሳይማሩ መቆም የተማሩ፣ ከቆሙም ወዲያ ማንም መልሶ ያላስቀመጣቸው ልጅ ነበሩ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው ሲማሩ፣ ከወንበራቸው ብድግ ቁጭ ማለታቸው ያሰለቻቸው መምህር ለቅጣት በሩ አጠገብ ቢያስቀምጧቸው፣ መውጫው ስለቀረበላቸው ነገሩ ሠርግና ምላሽ ሆነላቸው። ያም ሆኖ ትምህርታቸውን በጥሩ ውጤት አጠናቀዋል።

ከዚያም በሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ተቀጥረው ሠላሳ አራት ዓመት አገልግለዋል። ክፍሉ መስኮቱ ጠባብ፣ መደርደሪያው ጣሪያ የነካ ሲሆን፣ እርሳቸው መሰላል ላይ ቆመው ካርድ እየፈለጉ ከታች ያለውን በሽተኛ ስለ ልጆቹ ይጠይቁ፣ ካርዱ ሲገኝም አግዳሚው ላይ ያንቀላፋውን ሁሉ «ተነሡ እንጂ! ሐኪሙ እናንተ ዘንድ አይመጣም!» እያሉ ይቀሰቅሱ ነበርና ስሙ የወጣላቸው በዚህ ነው። በዚያ ክፍል አንድ የማይሻር ደንብ ነበረ፤ የሚገባው ወረቀት ሁሉ የገባበት ቀን ማኅተም ይመታበታል፤ ቀኑም የሚቆጠረው ከዚያ ማኅተም ጀምሮ ነው። ደንቡን ከመልመዳቸው የተነሣ እቤታቸው በሚደርስ ደብዳቤ ላይ እንኳ የደረሰበትን ቀን በእስክሪብቶ ይጽፉበት ነበር።

በሃያ አምስት ዓመታቸው የሆስፒታሉ አምቡላንስ ሾፌር ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ተጋብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው መንገድ ላይ እንደ ንፋስ የሚበሩ፣ ቤት ሲገቡ ግን አንድ ስኒ ሻይ በአንድ ሰዓት የሚጠጡ ዝምተኛ ሰው ስለነበሩ፣ ሁለቱን ያየ ጎረቤት ሁሉ እግዜር ሲያጣምር አይቶ ነው ይል ነበር።

እትዬ ተነሡ ጡረታ ሊወጡ ሦስት ዓመት ሲቀራቸው ባለቤታቸው በልብ ሕመም ታመሙ፤ ሐኪሞቹ ቀዶ ሕክምና ሲያዙላቸው የጤና መድኑ ድርጅት «ሕክምናው አስቸኳይ ሆኖ ስላልተገኘ ወጪው አይሸፈንም፤ ቅሬታ ካለ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይቅረብ» የሚል ደብዳቤ ላከ። ከዚህ በኋላ የሚነበበው እስካለፈው ወር ድረስ ልጆቻቸውም ሆኑ ይህን የማነብላችሁ እኔ ታናሽ ወንድማቸው፣ ልብስ ሰፊው፣ ያላወቅነው ነገር ነው። እትዬ ተነሡ እንደ ልማዳቸው ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን ጻፉበት፤ ከዚያ ቀን ቆጠሩ፤ የሐኪሞቹን ማስረጃ ሁሉ አሰባስበው በሃያ ዘጠነኛው ቀን ወደ ድርጅቱ ሄዱ። በመስኮቱ የነበረችው ሠራተኛ ወረቀቱን አገላብጣ፣ ቀኑ የሚቆጠረው ደብዳቤው ከተጻፈበት ጊዜ ጀምሮ መሆኑን፣ ጊዜው ካለፈም አሥራ ስድስት ቀን እንደሆነው ነግራ መለሰቻቸው። ደብዳቤው መንገድ ላይ አሥራ ሰባት ቀን ፈጅቶ ነበር።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከወረቀት ጋር የኖሩት ሴት በወረቀት ተሸነፉ። ቤት ገብተውም ለባለቤታቸው ቅሬታው ታይቶ ውድቅ ተደረገ አሏቸው። ባለቤታቸው «ይሁን እስቲ» አሉ፤ ከአራት ወር በኋላም ዐረፉ። እትዬ ተነሡ ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብለው ዐሥራ ሰባት ዓመት ያዙት።

እነዚያን ዓመታት እንዴት እንደኖሯቸው ሁላችሁም ምስክር ናችሁ። በጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ካገኟቸው አራት ሴቶች ጋር የጀመሩት፣ ሕክምና የተከለከሉ ሰዎችን የሚያግዝ ማኅበር ዛሬ ከሦስት መቶ ሰው በላይ ያቀፈ ሲሆን፣ ሥርዓታቸውም አንድ ነበር፤ ወደ መድን ድርጅቱ መስኮት ማንም ብቻውን አይሄድም። አንዱ ይናገራል፤ ሌላው የሠራተኛውን ስምና የተባለውን ይጽፋል። በገዛ ቤታቸው ስብሰባ ሲጠሩ ወንበር የሚበዛበት ስብሰባ ወሬ ይበዛበታል ብለው ወንበሮቹን ግቢ ስለሚያወጡ፣ እግራችን እስኪያብጥ ቆመን የመከርነው እኛ እናውቀዋለን። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ዛሬ ነገ እያሉ ቢያጉላሏቸው ስድሳ ሰው አስከትለው ኮሪደሩ ላይ ቆሙ፤ ሥራ አስኪያጁ ጨንቋቸው ወንበር ሲያስመጡ እግዜር ይስጥልኝ አሉና አንድም ሰው እንዳይቀመጥ በዓይናቸው ከለከሉ። ድርጅቱ ሕክምና ሲከለክል ምክንያቱን በሚገባ ቋንቋ እንዲጽፍ፣ የከለከለውም ሐኪም በስሙ እንዲፈርም የተደረገው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄያቸው ቀኑ ደብዳቤው ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ ይቆጠር የሚል ነበር። የቅሬታ ሰሚው ቦርድ በዚህ ምክንያት የተጎዳ ሰው በመዝገባችን የለም፤ ካለ ስሙን ጠርታችሁ አቅርቡ ብሎ መለሰ። እትዬ ተነሡም ስምንት ወር ሙሉ የየቤቱን በር ቢያንኳኩ፣ እናቱን ወይም ልጁን ያጣው ሁሉ የእኛስ በሌላ ምክንያት ነው እያለ ሸኛቸው። ዘግይቼ ነው፣ በእኔ እጅ ነው የሞተችው የሚል ከወዴት ይገኛል? እርሳቸውም ከበር እየተመለሱ ይናደዱ፣ እንቅልፍ ያጡ፣ በተናገርናቸው ቁጥር ይቆጡን ነበር። እኛ በሰዎቹ የተናደዱ መስሎን ነበር።

ባለፈው ዓመት ሳንባቸው ታመመ፤ ትንፋሽ እያጠራቸውም ግድግዳ ይዘው በቤታቸው ውስጥ ይመላለሱ ነበር። ባለፈው ወር ልጆቻቸውንና እኔን ጠርተው ከላይ የሰማችሁትን ነገሩን። መምህርቷ ልጃቸው አባቷን ስለምትወድ ሰምታ ስትጨርስ ወጣች፤ ብዙ ቆይታ ተመለሰችና ደብዳቤው የት ነው አለቻቸው። ከቦርሳቸው አውጥተው፣ ፈርመው ካዘጋጁት ቃል ጋር ሰጧት። ይህ ሁሉ በቀብራቸው ዕለት እንዲነበብም አዘዙ። እኔም ወንድማቸው፣ እኅቴ ኧረ ተይ፣ በቀብር ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይነበብም ብላቸው፣ «ታዲያ መቼ ሊነበብ ነው? ይህን ያህል ሰው ሌላ ጊዜ ከየት አመጣለሁ?» አሉ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይህ ነው።

እትዬ ተነሡ በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ማክሰኞ ጠዋት፣ ከአልጋቸው ወርደው ጫማቸውን ሲፈልጉ ዐርፈዋል። መምህርት ልጃቸውን፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ልጃቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ አንዲት እኅትና አንድ ወንድም፣ እንዲሁም ማኅበረተኞቻቸውን ትተዋል።

ቦርዱ ነገ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ይሰየማል፤ ልጃቸው የእናቷን ቃልና ደብዳቤውን ይዛ ትቀርባለች። ቦርዱ የጠየቀው የመጀመሪያው ስም ተገኝቷል። ይህን ሲሰማ አንገቱን የደፋ ከመካከላችሁ ካለ፣ ጥፋቱ የእርሱ አይደለምና ቀና ይበል፤ ብቻውንም አይሄድም።

ፈጣሪ የእኅታችንን ነፍስ በምሕረቱ ተቀብሎ በሰላም ያሳርፍልን። ከባለቤታቸውም ጋር ሲገናኙ ያን ያልነገሯቸውን ነገር በራሳቸው አንደበት የሚነግሩበትን ጊዜ ይስጣቸው። ባለቤታቸው ታጋሽ ሰው ነበሩ፤ ይሰሟቸዋል።