ከወንበሩ ሥር የነበረው ዱላ

እስቲ ማይኩን ዝቅ አድርጉልኝ። ትንሽ ደግሞ። እህ፣ አሁን ተያየን። ከእኔ በፊት የተናገሩት የስምሪት ኃላፊያችን በራሳቸው ቁመት ትተውት ወረዱ። እኔ በዚህ ግቢ "ጠብታ" የምባለው ሾፌር ነኝ። ስሙን ያወጡልኝ የደም ምርመራ ክፍል ሰዎች ናቸው፤ ለምን እንዳወጡልኝ ደግሞ ቆሜ እያያችሁኝ ማስረዳት የለብኝም።

ዛሬ የምንሸኛቸውን ጋሽ መሰላልን መጀመሪያ ያየሁበትን ቀን ልንገራችሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ከየክሊኒኩ የደም ናሙና ሰብስባ ወደ ላቦራቶሪያችን የምታመጣው ነጯ መኪና ያኔ አዲስ ነበረች። ጠዋትም ከሰዓትም የምነዳት እኔ ብቻ ነበርኩ። "የጠዋቱን ፈረቃ የሚይዝ ሰው መጥቷል፤ ሃያ ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ነው" ተባለና ቁልፉን ሰጠኋቸው። ወንበሩ በእኔ ልክ ነው ያለው፤ ከፍ ብሎ፣ መሪው ላይ ተለጥፎ። ወደኋላ እንደሚሄድ ልነግራቸው አፌን ስከፍት እሳቸው ገብተዋል። እንዴት እንደገቡ ዛሬም አላውቅም። ጉልበታቸው አገጫቸው ሥር፣ ጭንቅላታቸው ጣሪያው ላይ፣ ደረታቸው መሪው ላይ። ጥሩምባው ጮኸ፤ ጮኸና አልቆም አለ። የጥበቃው ሰው "ምን ያስቸኩለዋል!" እያለ ሮጦ የግቢውን በር በረገደላቸው። እሳቸው መግባትም መውጣትም አቅቷቸው፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ረጋ ብለው "ልጄ፣ ይቺ መኪና ለሰው ነው የተሠራችው ወይስ ለዕቃ?" አሉኝ።

እንግዲህ ገና ሳይፈርሙ ጥሩምባ ነፍተው ነው የተቀጠሩት። ከዚያ ወዲህ ሲነፉ የሰማ ካለ እጁን ያውጣ። አያችሁ? ማንም የለም። ከእሳቸው የምንሰማው "ቀስ" ብቻ ነው። ትራፊክ መብራት ይይዘናል፣ "ቀስ"። ናሙናው አስቸኮለን፣ "ቀስ"። በር ላይ ጎንበስ ማለታቸውስ! የእንግዳ መቀበያው በር ሦስት ሜትር ነው፤ እዚያም ጎንበስ ይላሉ። አዲሷ ደም ቀጂያችን እጅ የሚነሷት መስሏት ሳምንት ሙሉ ከወንበሯ እየተነሳች እጅ ስትነሳቸው ሰነበተች። አዎ፣ አንቺን ነው፤ ከሰው ጀርባ አትደበቂ።

እኔም የምታሙኝበት ነገር አለኝ፤ ራሴ ልበለው። የብልሽት መዝገብ። የመኪና ጉድለት የሚጻፍበት ያ ሰማያዊ ደብተር ከዳር እስከ ዳር የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። መጥረጊያው ሲጥ ካለ እጽፋለሁ፤ በሩ ጠበቅ ካለ እጽፋለሁ። መካኒካችን "ይቺ ሴት ስታስነጥስም መዝገብ ላይ ታሰፍራለች" ይላል። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ለዛሬ አራት ገጽ ጽፌ ነበር፤ ሁሉም ሳቅ። ባለፈው ሰኞ ቀደድኩት። ይኸው እስከ ዛሬ ከድንጋጤዬ አልወጣሁም።

የነጯ መኪና የሾፌር ወንበር በሞተር ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ወደ ላይ። በሩ ላይ ደግሞ ልካችንን የሚያስታውሱ፣ በጣት የሚጫኑ ሁለት ቁልፎች አሉ፤ ቁጥር አንድ የጋሽ መሰላል፣ ቁጥር ሁለት የእኔ። ሰባት ሰዓት ላይ መኪናዋን ስረከብ ወንበሩ ሁልጊዜ በእኔ ልክ ሆኖ ይጠብቀኛል። ሲወርዱ ሁለትን ተጭነውልኝ ነው እላለሁ። ገብቼም ለማረጋገጥ ያህል ራሴ ሁለትን እጫናለሁ። መብራቷ ትበራለች፣ ወንበሩ ንቅንቅ አይልም። ቦታው ላይ ነዋ፣ ወዴት ይሄዳል? "ጎበዝ!" እለውና እነሳለሁ።

ሰኞ ጋሽ መሰላል የመጨረሻ ፈቃዳቸውን ወጡ። ጠዋት አዲሱ ሾፌር ነዳ። ሰባት ሰዓት ላይ እንደ ልማዴ ዘልዬ ገባሁ፤ እግሬ አየር ላይ ቀረ። ሁለትን ተጫንኩ። መብራቷ በራች፣ ወንበሩ ዝም። ደገምኩት። ዝም። በቡጢ አልኩት። ዝም። ወርጄ አዲሱን ሾፌር አፋጠጥኩት።

"በአንድ ቀን! አሥራ አንድ ዓመት የሠራውን በአንድ ቀን!"

"እትዬ፣ እኔ ምንም አልነካሁም" አለኝ፤ እውነቱን ነው።

መዝገቡን ስቤ መጻፍ ስጀምር መካኒኩ መጣ። ወንበሩን አላየም፤ እኔን ነው ያየው።

"አልነገሩሽም እንዴ?"

"ምኑን?"

"ሁለቱም ቁልፎች ከሞቱ እኮ ዘጠኝ ዓመት አለፋቸው።"

ክው አልኩ። ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ዘጠኝ ዓመት! "ታዲያ በየቀኑ ማን ነው..." ብዬ ሳልጨርስ መካኒኩ ከወንበሩ ሥር ዱላ አወጣ። ይኸው፣ ይዤው መጥቻለሁ። ይህን ዱላ ለዓመታት አውቀዋለሁ፤ ውሻ ማባረሪያ ነው ብዬ ስንት ቀን ቀልጄባቸዋለሁ። መካኒኩ አንዱን ጫፍ ፍሬኑ ላይ አስደገፈ። ከወንበሩ ጎን ያለውን ማብሪያ ይዞ ወንበሩን ከፍ አድርጎ ወደፊት አመጣው፤ ጠርዙ ዱላው ላይ የተቀባችው ቀይ ምልክት ጋ ሲደርስ አቆመ። "ግቢ" አለኝ። ገባሁ። እግሬ ፍሬኑ ላይ ልክክ አለ።

ለምን ደበቁኝ? እሱንም መካኒኩ ነው የነገረኝ። ቁልፎቹ የሞቱ ዕለት ጋሽ መሰላል መኪናዋን ጋራዥ ወሰዷት። "ዕቃው አይገኝም" አላቸው መካኒኩ፤ "ጉድለቱ መዝገብ ላይ ከሰፈረ፣ ይህን ነቅላችሁ በእጅ የሚገፋ ተራ ወንበር ግጠሙ ነው የሚሉን።" ተራው ወንበር ከፍ አይልም። እኔ ደግሞ ከግቢው መኪኖች ሁሉ መንገድ የሚታየኝ በዚያች ብቻ ነው። ትራስ ላይ ተቀምጦ መንዳት ክልክል ነው፤ የተከለከለውም ድሮ እኔው በሌላ ሾፌር ላይ በጻፍኩት ነው። ስለዚህ ወንበሩ ተነቀለ ማለት እኔም ከመሪ ተነቀልኩ ማለት ነበር። መካኒኩ "ታዲያ ለእሷ እንንገራት" ሲላቸው፣ "ለእሷ? ዛሬውኑ መዝገብ ላይ ታሰፍረዋለች። በገዛ እጇ ራሷን ከመኪናው ታወርዳለች" አሉት።

ጋሽ መሰላል፣ እናቴም እንዲህ አድርጋ አታውቀኝም።

አሁን የሚያሳፍረኝ ጋ ደረስኩ። ከሰባት ዓመት በፊት ምሳ ቤቱ መስኮት ጋ ቁጭ ብዬ ሳይ፣ እሳቸው መኪናዋን አቁመው ቶሎ ቁልፉን አያስረክቡም። በሩ ይከፈታል፤ የሚታየው ረጅም እግራቸው ብቻ ነው። ጋደም ብለው ይተኛሉ አልኩ። መዝገቡን አወጣሁና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "የጠዋቱ ሾፌር መኪናውን ካቆሙ በኋላ ያለ ሥራ አሥር ደቂቃ ይቆያሉ።" የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳቸው። ምክንያታቸውን ሲጠየቁ "እግሬን ለማፍታታት" ብለው ፈረሙ። ግቢው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በዚያው ዓመት የሾፌሮች አስተባባሪ ሲመረጥ፣ ማስጠንቀቂያ ያለበት አይወዳደርም ተባለ። ቦታው ለእኔ ተሰጠ። መጀመሪያ መጥተው "እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ" ብለው የጨበጡኝም እሳቸው ናቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እንዴት ደስ ባለኝ!

በዚያች አሥር ደቂቃ ወንበሩን በዱላው ይለካሉ። መደገፊያውን ያቀናሉ፣ መሪውን ዝቅ ያደርጋሉ። ከዚያ በኋላ እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ ስለማይችሉ ሲሚንቶው ላይ ይንበረከካሉ። ጭንቅላታቸውን በበሩ አስገብተው፣ በእኔ ዐይን ከፍታ አድርገው፣ ሦስቱንም መስታወት ያስተካክላሉ። ተኝተዋል ያልኩት ይህንን ነው።

ደግሞ ከቀዩ ምልክት አለፍ ብሎ አራት ጭረት አለ፤ ከዚያ በኩል ያላችሁ ታዩታላችሁ። አሁን ስድስት ዓመት የሞላትን ልጄን አርግዤ ሳለሁ ወንበሩ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ወደኋላ ይል ነበር። መኪናዋ ሆዴን የምትለካ መስሎኝ! ለባለቤቴ "መኪናዋ እኮ አወቀችብኝ" ስለው "ምኑን?" አለኝ። ለካ ለእሱ ገና አልነገርኩትም ነበር። ረቡዕ ዕለት ደውዬ "እርስዎ በምን አወቁ?" አልኳቸው። "ከበሩ ኪስ ውስጥ የተቆረጠ ሎሚ ማግኘት ጀመርኩ" አሉኝ፤ "ባለቤቴም ስታረግዝ እንዲሁ ነበረች። ይልቅ አደራሽን፣ ወንበሩን ይነቅሉብሻልና መዝገብ ላይ እንዳትጽፊው።"

አደራዎን ጠብቄያለሁ። መዝገብ ላይ አልጻፍኩም፤ በማይክ ነው የተናገርኩት።

የስምሪት ኃላፊያችን፣ ይኸው ሰሙ። ወንበሩን ከነቀሉ ይንቀሉት፤ ጠረጴዛ ላይም ቢሆን እሠራለሁ። ያ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ግን ከጋሽ መሰላል ፋይል ይውጣልኝ። የጻፍኩት ውሸት ነው። ምን አሉ? "ነገ"? ነገማ እሳቸው እዚህ የሉም፣ ጌታዬ! ዛሬ ይሁን። ተነሱ! ቁልፉን ይዘው ወደ ቢሯቸው እየሄዱ ነው፤ አጨብጭቡላቸው። "ስለ ወንበሩ ሰኞ እንነጋገራለን" ይላሉ። እሺ፣ እንነጋገራለን።

ጋሽ መሰላል፣ ያንገበገበኝን ልንገርዎና ልጨርስ። ማታ መኪናዋን ስመልስ ወንበሩን እንዳለ ትቼው ነው የምወርደው። ለእርስዎ ቁጥር አንድን መጫን ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። በዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ተጭኜልዎት ቢሆን፣ ቁልፎቹ መሞታቸውን ያኔውኑ አውቅ ነበር። መካኒኩ "ብትደርስበትስ?" ሲልዎት፣ "ግድ የለም፣ አትጫነውም" ብለውታል አሉ። አልተሳሳቱም። ይቅር ይበሉኝ። ስላስቀመጡኝ፣ ስለተሸከሙኝ፣ ዝም ስላሉልኝም አመሰግንዎታለሁ።

በሉ፣ ብርጭቆአችሁን አንሱ። እርስዎ አይነሱ፤ ዛሬ ለማንም አይነሱም፣ ለማንም አይንበረከኩም። ከእንግዲህ የሚቀመጡበት ሁሉ እግር የሚያስዘረጋ ይሁንልዎ። ጉልበትዎ አይድከም፣ ቤትዎ ይሙቅ፣ የልጅ ልጆችዎ ትከሻዎ ላይ ወጥተው ሩቅ ይዩ። ለጋሽ መሰላል!

ጠጡ እናንተ። ለእሳቸው የቀረችኝ አንድ ነገር አለች።

ጋሽ መሰላል፣ አሁን ወደ ቤትዎ የማደርስዎት እኔ ነኝ፣ በነጯ መኪና። ወደዚህ አዳራሽ ከመግባቴ በፊት ከጎኔ ያለውን ወንበር በእርስዎ ልክ አስተካክዬዋለሁ፤ ወደኋላ ገፍቼ፣ መደገፊያውን አጋድሜ፣ የእግርዎን ማረፊያ በዚሁ ዱላ ለክቼ። ሰዓቴን እያየሁ ነበር። አሥር ደቂቃ ፈጀብኝ።