ኮምፒውተሩ የዋጠው ጥጥ

እናንተዬ፣ ይኼን ስሙኝማ! የልጅ ልጄ ትዕግስት የመመረቂያ ጽሑፏን ስትጽፍ አሮጌው ኮምፒውተር ድርግም እያለ አስቸገራት። እኔ አጠገቧ ለምርቃቷ ነጠላ የሚሆን ጥጥ እየፈተልኩ መብራቱን እራገማለሁ። ለካ መብራቱ ምንም አላደረገ! ኮምፒውተር ጠጋኝ ጠርተን ቢከፍተው ከማራገቢያው ላይ ጭብጥ የሚሞላ ብናኝ ጥጥ መዝዞ አወጣ።

«ይኼ አፍኖት ሲግል ነው የሚጠፋው። የማን ጥጥ ነው እማማ?» አለኝ። እንዝርቴን ከቀሚሴ ሥር ብደብቅም ትዕግስት አየችኝ። «እማዬ፣ ልታስመርቂኝ ነው ልታስቀሪኝ?» ብላ በሳቅ ፍርስ አለች።

ተጠርጎ ሲገጠም እንደ ንብ ጥዝ እያለ ተነሣ። እኔም በዚህ በደብረ ማርቆስ ብርድ ደጅ ተሰድጄ እየፈተልኩ በመስኮት «ስንት ገጽ ቀረሽ?» እላታለሁ፤ እሷም «አንቺስ ስንት ልቃቂት?» ትለኛለች። ቀደመችኝ! ነጠላዋ የደረሰው በምርቃቷ ዋዜማ ነው።