ተጎታች ቤቱና የጎን በሩ

ቬርነን ሃልቨርሰን የቀረውን ፊርማ ሊያሰባስብ ከግቢው ሲወጣ፣ በቅርቡ ፊት ለፊት የገባው ወጣት ዴሪክ ዛሌስኪ የቆሻሻ ገንዳውን ወደ መንገድ ሲገፋ አገኘው። የከተማው ምክር ቤት በመኪና እየተጎተቱ ለሽርሽር የሚወሰዱ ተጎታች ቤቶች ከመኖሪያ ቤት ጎን ተነሥተው በጓሮ ወይም ከከተማ ውጭ በኪራይ ቦታ እንዲቆሙ ደንብ ሊያወጣ ነበር። ከሰፈሩ ሰው «አይሆንም» ብሎ አስቀድሞ የፈረመው ቬርነን ነው።

የእሱ ተጎታች በቤቱ ግድግዳና በአጥሩ መካከል ተወትፎ ቆሟል። ሚስቱ ዶሎሪስ ጥር ላይ ከሞተች ወዲህ፣ ከምሳ በኋላ እዚያ ገብቶ በመቀመጫዋ ትይዩ ይቀመጣል። መጥበሻዋ ከተሰቀለበት አልወረደም። ጓሮው በዛፍ የተሞላ ነው፤ ዓይኑም መኪና መንዳት ካስተወው ቆይቷል። ተጎታቹ ከከተማ ውጭ ከተወሰደ ዳግመኛ አያየውም።

«ና እስቲ ጎረቤት፣ እዚህች ላይ ፈርምልኝ።»

ዴሪክ ወረቀቱን አንብቦ መለሰለት። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ሚስተር ሃልቨርሰን፣ እኔ ደንቡን እደግፋለሁ።»

«የከተማ ፕላን ተማሪ ነህ አሉ። በገዛ ግቢዬ ያቆምኩት ምንህን ነካህ? መልኩ አስቀየመህ?»

«ኧረ መልኩስ ከእኔ ቤት ይሻላል።»

«ታዲያ?»

«በረዶ ሲወርድ እዚህ አገር የፊት በሩን ማን ይጠርጋል? ሁሉም በጎን በር ነው የሚወጣ የሚገባው።»

«እናቴም እንዲሁ ነበረች። ነውር አለው?»

«የለውም። ግን ተጎታቹ ጎን በሩ ላይ ሲቆም ጠባብ ማለፊያ ብቻ ይቀራል። ጤነኛ ሰው ሾልኮ ያልፋል፤ ቃሬዛ አያልፍም። የአምቡላንስ ሰዎች በረዶ የዘጋውን የፊት በር በአካፋ ሲቆፍሩ የሚያልፈውን ጊዜ ያስቡት።»

ወጣቱ ወደ ሰፈሩ የመጣው መጋቢት ላይ ነው፤ ጥር ላይ የሆነውን የነገረው የለም። ዶሎሪስ በሞተችበት ጠዋት ቃሬዛው ጎን በሩ ደርሶ ሲመለስ ቬርነን በካልሲ ቆሞ አይቷል። እነሱ የፊቱን በር ከውጭ ሲቆፍሩ እሱ ከውስጥ ይገፋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለጠየቀው ሁሉ «በረዶው ነው» ይላል፤ ለእህቱም፣ ለፓስተሩም፣ ለራሱም።

የተማረ ሰው እውነት ሲናገር የሚሰማውን ሰው ፊት ማየት ይረሳል። ዴሪክም የረታ መስሎት ቀጠለ።

«ጎኑ ክፍት ከሆነ፣ እሳት ቢነሣም የእሳት አደጋ ሰዎች ወደ ጓሮ ያልፋሉ። የተጎታቹ የጋዝ ሲሊንደር ከመኝታ ቤት ግድግዳ ይርቃል። መኪናውን ወደ ኋላ የሚያወጣም እግረኛውን ያያል። ጥቅሙ ለሁሉም ነው።»

«ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

«ምኑ?»

«ቁፋሮው።»

«እንደ በረዶው ነው። ስድስት፣ ሰባት።»

«አሥራ አንድ» አለ ቬርነን።

ዴሪክ ሽማግሌውን አየ፤ ከዚያ ተጎታቹን፤ ከዚያ በሩን። ገንዳውን ለቀቀው።

«አላወቅሁም። በእግዚአብሔር፣ አላወቅሁም። በረዶውም እኮ ያን ሰሞን...»

«ተው ልጄ። በረዶው ነው ስል ነው የከረምኩት፤ አሁን አንተ ደግሞ አትጀምርልኝ።»

ቬርነን ወረቀቱን በገንዳው ክዳን ላይ ዘርግቶ ከሁሉ በላይ ያለውን የራሱን ስም ሰረዘ። ቀጥሎ የተጻፈውን ስም አነበበና ወደ ጎረቤቱ ወደ ማርዊን ክሉግ ቤት ዞረ።

«ለፈረሙት ሰዎች እኔ ልንገራቸው?» አለ ዴሪክ።

«አንተን አያምኑህም።»

ማርዊን በሩን ከፍቶ ሳቀ። «ደግሞ ምን ልታስፈርመኝ መጣህ?»

«ፊርማህን እንድትሰርዝ ነው። ተጎታችህንም ከበሩ አንሣ፤ ሚስትህን ሩትን ልቧን ያማታል፣ ቃሬዛ ማለፍ አለበት።»

«ምን ነካህ? አንተ አይደለህ ያስፈረምከኝ?»

«እኔ ነኝ። ዶሎሪስን የገደላት በረዶው አይደለም፣ ማርዊን። ያቆምኩት ተጎታች ነው።»

ማርዊን እስክሪብቶውን ተቀብሎ ስሙን ሰረዘ። ቬርነን አመሰገነና ያንኑ ቃል ሊደግመው ወደሚቀጥለው በር ሄደ።